ሦስት ጭረት

ሶዶ ውስጥ ፒክአፑን ከፍ የሚያስደርግ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መንገድ ያስቸገረው፣ ሌላው ሰው እንዲያየው የፈለገ። አለቃዬ ደገፉ ሁለቱም ነበር። ከጉኑኖ ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች ዝንጅብልና ጎደሬ እየሰበሰበ ይነግዳል፤ እኔ ሚልክያስ ሾፌሩ ነኝ። ክረምት ሲገባ በዚያ መንገድ ጎማ የሚሄድበት ይሰምጥና መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። ጭነት የያዘ መኪና ሆዱን እየፋቀ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ዝናቡ ሳይበረታ መኪናው ከፍ ይበል ተባለ።

ይህን ሥራ እንደ ባዳቾ የሚችልበት የለም። ጋራዡ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሌሎቹ መኪናውን ከሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር የብረት ቁራጭ ይሸጉጡና "ሂድ፣ አልቋል" ይሉሃል፤ ወር ሳይሞላ ቁራጩ ተንሸራቶ መኪናህ በአግድም መሄድ ይጀምራል። ባዳቾ ግን የደከመውን ባሌስትራ ፈትቶ ያስቀምጥና ከቆመ መኪና የተፈታ ሌላ ያመጣል። ብረቶቹን ለያይቶ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው እሳት ይወስዳቸዋል። እዚያ የአባቱ ወናፍና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ አለ። ብረቱን እስኪቀላ ያግለዋል፣ በመዶሻ ያጎብጠዋል፣ በተቃጠለ ዘይት ነክሮ ያጠነክረዋል። ሲገጠም መኪናው አራት ጣት ከፍ ይላል።

የባዳቾ አባት አልታዬ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህ ቃል በእኛ አገር እንዴት እንደሚባል ለማያውቅ ልንገረው፤ ድምፅ ተቀንሶ ነው የሚባለው። አልታዬ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ማጭድና ቢላ ይሠሩ ነበር። ማጭዳቸውን የማይገዛ አልነበረም፤ ቤቱ የሚያስገባቸው ግን አልነበረም። ዛሬ ቀርቷል ይባላል። ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን እንዘምራለን። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ባዳቾ ሻይ ሲያቀርብልኝ "አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት" እያልኩ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ሳስበው አፍራለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ደገፉ ሊያይ መጣ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። "አሁን መኪና ሆነ!" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ። በታችኛው ብረት ጫፍ፣ ክብደት በማያርፍበት በኩል፣ ሦስት አጫጭር ጭረቶች ተመትተዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የአባቴ ምልክት ነው።"

"ፋቀው።"

"ለምን?"

ደገፉ ሲቆጣ ወላይትኛውን ትቶ ወደ አማርኛ ይገባል፤ ቢሮ የለመደ ሰው ነው። "ለሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ አስመጣሁት ብያለሁ። ገበያ ላይ አንዱ ጎንበስ ብሎ ቢያየውስ? የቀጥቃጭ እጅ መሆኑን መላው ጉኑኖ ያውቀዋል። ፋቅልኝና እንጨርስ!"

ባዳቾ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "አባቴ ፊደል አያውቁም ነበር" አለ። "ስማቸውን የጻፉት በእነዚህ ሦስት ጭረቶች ብቻ ነው። አልፍቅም።"

"ካልፋቅክ አንድ ነጋዴ እዚህ በር ድርሽ አይልም! ደገፉ ብለውኛል!"

"ይቅር።"

ክሪኩን ጎትቶ ከመኪናው ሥር ከተተ። የባጃጅ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። ባዳቾ የሁለት ቀን ሥራውን ብሎን በብሎን ፈታው፤ አሮጌውን ባሌስትራ መልሶ ገጠመና መኪናውን እንደ ድሮው ዝቅ አደረገው። እልኸኛ ሰው አይቻለሁ፣ ይህን የመሰለ ግን አላየሁም። ቁልፉን ለእኔ ሲሰጠኝ ወደ ደገፉ ዞረ።

"መጀመሪያ እናትህ ቤት ሂድ" አለው። "በጉኑኖ የአባቴ ማጭድ የሌለበት ቤት የለም። የእማማ ፋንታዬ ማጭድ ላይ ያለውን ምልክት ፍቀህ አሳየኝ፤ ያኔ ይሄንንም እፍቅልሃለሁ።"

ደገፉ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋው። ከዚያ "ወደ እማዬ ቤት ንዳ" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ሦስት ጊዜ የመኪናውን ሆድ መታው። እንደደረስን ከመሣሪያ ሣጥኔ ሞረድ አወጣ፣ ማጭዱን ከተሰካበት ግድግዳ ነቅሎ በሩ ላይ ተቀመጠና ጭረቶቹን መሞረድ ጀመረ። ጎልማሳ ሰው፣ የልጆች አባት!

ድምፁን ሰምተው እናቱ እማማ ፋንታዬ ከጓሮ መጡ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ማጭዱን ከእጁ ወሰዱበት።

"ይችን የገዛኋት አንተን እርጉዝ ሆኜ ነው" አሉ። "በእሷ ያጨድኩትን ሣር በልታ ነው ላማችን ወተት የሰጠችው። በላሚቱ ቅቤ ነው የተማርከው።" ጭረቶቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። "አልታዬ ያን ቀን በፀሐይ መጥቶ ውሃ ለመነኝ። ኩባያ ነበረኝ። አላወጣሁለትም። በመዳፉ አፈሰስኩለት፤ ጎንበስ ብሎ ጠጣና አመሰገነኝ።"

ደገፉ ሞረዱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

እዚያው አድረን በማግስቱ ጠዋት እማማ ፋንታዬን ከእኛ ቀድመው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። በጀሪካን ውሃ፣ በነጠላ የተጠቀለለ የእንግዳ ብርጭቆ ይዘዋል። ሶዶ ስንደርስ ባዳቾ ከአንድ መኪና ሥር ወጣ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

"ልጄ፣ ጠጣ። ለአባትህ በመዳፍ ነው የሰጠሁት።"

ባዳቾ ብርጭቆውን አየው። እኔ በልቤ "ጠጣና እንገላገል" እል ነበር። እንደ እኔ ያለ ሰው ሁልጊዜ ቶሎ መገላገል ነው የሚፈልገው።

"እማማ" አለ ረጋ ብሎ፣ "የጠማቸው አባቴ ነበሩ።"

አልተቀበለም። አልተሳደበም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ወደ ደገፉ ብቻ ዞረ። "ምልክቱስ?"

"ይቆይ" አለ ደገፉ አቀርቅሮ።

"አልሰማሁህም።"

የባጃጅ ሾፌሮቹ ዛሬም ተሰብስበው ነበር። "ይቆይ!" አለ ደገፉ። "የአልታዬ ነው፣ ይቆይ!"

ባዳቾ ትናንት የፈታውን ባሌስትራ ከሰቀለበት ግድግዳ አወረደ። ሲሠራ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየን። ምሳ ሰዓት አልፎ ነበርና ሻይ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። "ዛሬ ሳትጠጣ ነው የመጣኸው?" አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ጠጣሁ።

ክሪኩ ሲለቀቅ መኪናው አራት ጣት ከፍ ብሎ ቆመ። ሦስቱ ጭረቶች ወደ ውጭ፣ መንገደኛ በሚያያቸው በኩል ነበሩ። እማማ ፋንታዬ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡበት አሮጌ ጎማ ተነሡ። መኪናው ከፍ ስላለ ብቻቸውን መውጣት አልቻሉም፤ ደግፌ አወጣኋቸው። ብርጭቆውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። እንደሞላ ነበር።