ከግድግዳው በኩል

አሮጌ ባለ ጥለት የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ እሰበስባለሁ። ዛሬም ኮምቦልቻ አንድ አግኝቼ፣ ገና ሳነሳው ጀርባውን አየሁ።

ልጅ ሆኜ ደሴ ቤታችን ቡፌው ላይ እናቴ የምትሳሳለት አንድ ነበረን። አቧራውን ስወለውል ጠርዙ ተሸረፈብኝ። የተሸረፈውን ወደ ግድግዳው ባዞረው፣ ከኋላ የነበረ የቆየ ስንጥቅ ወደ ፊት መጣ።

እናቴ ገብታ ሁለቱንም አየች።

«አንቺም አልነካሽ፣ እኔም አልነካሁ» አለች ቀስ ብላ። «አባትሽ ከጠየቀ እንዲያ ነው።»

«ወላሂ አልነካሁም ልበለው?»

አፌን ያዘችኝ። «መሐላ አታስገቢበት።»

ስንጥቁን ወደ ግድግዳው መልሳ ሽርፋቱን በሬዲዮው ከለለችው። ስንጥቁ የማን ሥራ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የዛሬው ከኋላው ተሰንጥቋል። ባሌ «እንከን የለውም?» ሲለኝ «የለውም» አልኩት።

ወላሂ ግን አላልኩም።