የእናቴ ሲንቄ ለምን ተሰበረች

የታሰርነው ሹሙ ግቢ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ነው። ሰባት ሴቶች፤ እኔን ከቆጠራችሁኝ ስምንት። በሩን አልፈን ስንገባ የዱቄቱ ብናኝ አስነጠሰኝ። እናቴ «እደጊ» አለችኝ፣ ቤታችን ያለን ይመስል። እጃችን እህል ለመፍጨት ስለሚፈለግ ብረቱን እግራችን ላይ አደረጉት።

ጥፋታችን ይኼ ነው። ከብቶቻችን አዋሽ የሚወርዱበትን መንገድ ሹሙ አጠረው፤ ሴቶቹም ሲንቄ ይዘው ደጁ ሄዱ። ሲንቄ በእኛ በአርሲዎች እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፤ ሰው አይመታባትም። ሴቶች ሲንቄ ይዘው ደጅህ ከቆሙ እርጥብ ሣር ይዘህ ትወጣና «አጠፋሁ» ትላለህ፤ ጌታም ብትሆን። እናቶቻችን ሹሙ ሣሩን ይዞ የሚወጣ መስሏቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ። እኔ እንኳ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ወተት እየሸጥኩ አማርኛም የሹም ጠባይም የለመድኩት ልጅ፣ ይወጣል ብዬ አመንኩ። የወጡት ግን ጠመንጃ ያነገቱ ዘበኞች ናቸው።

በሦስተኛው ቀን እናቴን ወባ ጣላት። መጁን እንደያዘች ትንቀጠቀጥ ጀመር። የአባቴ አክስት፣ አኮ የምላት አሮጊት፣ መጁን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ተይው፣ እኔ እፈጫለሁ። ዛሬ ሸካራ አድርጌ ነው የምፈጭለት፤ ጥርሱን ይሞክርበት!»

ሳቅን። እናቴም ሳቀች። የመጨረሻ ሳቋ እሱ ነው።

ያን ቀን ሹሙ ከጸሐፊው ጋር በሩ ላይ መጣ። ዘበኛው ነጥቀውን ማገዶ ላይ የከመሯቸውን ሲንቄዎች አቅፎ አምጥቶ ፊታችን ጣላቸው።

«ዱላዋን እዚሁ ሰብራ ምሕረት የለመነች ወደ ቤቷ ትሂድ። አንቺ ልጅ፣ ንገሪያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። ማንም አልተነሳም። ሲንቄ የምትሰበረው ባለቤቷ ስትሞት ብቻ ነው፤ የምትሰብራትም ልጇ ናት።

«ማናችን ሞተን ነው የምንሰብረው?» አለች አኮ።

«ምን ትላለች?»

«አይሆንም ነው የምትለው፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ሲሄድ እናቴ ጆሮ ሥር ተጠጋሁ። ገላዋ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ እንጨት እኮ ናት! እኔ ልስበራትና ቤታችን እንሂድ።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እየተነፈስኩ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ቀኗ ሲደርስ አንቺው ትሰብሪያታለሽ። አትቸኩይ።»

እንጨት ናት ማለቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ የማለዳው ባቡር ሲጮህ እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ዘበኛው ሽማግሌ ነበር፤ ቁልፍ አምጥቶ ብረቱን ከእግሯ ፈታ። አሁን ፈታላት!

«ጋሼ፣ የእናቴን ሲንቄ ይስጡኝ» አልኩት።

«የቱ ነው? ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?»

አንድ አይደለም። የእናቴ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። መርጬ አነሣኋት።

እናቴን ከግቢው ጀርባ፣ ግራር ሥር ቀበርናት። ሲንቄዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብሞክር እምቢ አለችኝ። በሁለተኛው ተሰበረች። ቁርጥራጮቹን መቃብሯ ላይ አጋደምኳቸው። ቀና ስል ሹሙ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያያል።

ቀትር ላይ ሁላችንንም ፈቱን። ጸሐፊው ከወረቀት ላይ አነበበ፦ «ዱላቸውን ሰብረው ምሕረት ስለ ለመኑ ተለቀቁ። አንቺ ነሽ የሰበርሽው፤ ጣትሽን አምጪ።»

«ጌታዬ፣ እኔ የሰበርኩት እናቴ ስለ ሞተች ነው።»

«ያው ነው። ተሰብሮ የለ?»

እጆቼን ወደ ኋላዬ አደረግኩ። ለአኮ ያነበበውን ነገርኳት፤ እሷም እጆቿን ወደ ኋላዋ አደረገች። ሌሎቹም። ጸሐፊው አንድ በአንድ አየንና ተሰላቸ፤ የራሱን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ የቀሩትን ስድስት ሲንቄዎች አኮን አሳቀፋት። «ማገዶ አነሰ ብሎ የሚቆጥር የለም፣ እናቴ» አላት።

መንገዱ ዛሬም እንደታጠረ ነው። እኔ ግን የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ሚስት ፊደል አስቆጥራኝ ይኸው እጽፋለሁ። መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ! ደስ ሲለኝ ደግሞ ለእናቴ ላሳያት ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ያ የሹሙ ወረቀት የት እንደተቀመጠ አላውቅም። ይኼኛው እኔ ጋ ነው። ሲንቄዋን የሰበርኩት እናቴ ስለ ሞተች ነው። ምሕረት የለመነ የለም።

አውራ ጣቴን ቀለም ነክቶታል። አላጠብኩትም።