የቨርኒስ ቀኝ እጅ

ኦዜላ ቲምስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞቱ ሴቶችን ፀጉር ስትሠራ አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም ነበር። ሙት አይሳደብም። ሙት «ካውያው አቃጠለኝ» ብሎ አይነጫነጭም። በእኛ በሎውሪ ከተማ ጥቁር ሴት ስትሞት የምታልፈው በፐርቪስ የቀብር ቤት የኋላ ክፍል በኩል፣ በኦዜላ እጅ ነው። ፀጉሯን ትተኩስላታለች፣ ፊቷን ትቀባታለች፣ ልብሷን ከጀርባው ቀድዳ ታለብሳታለች። በመጨረሻ እጆቿን ሆዷ ላይ ታሳርፋለች፤ ቀኙን ከታች፣ ግራውን ከላይ፣ የጋብቻ ቀለበቷ እንዲታይ።

የኮሌጅ ሴቶች ማኅበር አባላት ብቻ ይለያሉ። ኮሌጅ የገቡት፣ በወጣትነታቸው በአንድ ሰልፍ ቆመው ቃል ገብተው እህትማማች የተባሉት፣ መምህራኑና ነርሶቹ። እነሱ ሲሞቱ ከላይ የሚሆነው ቀኝ እጃቸው ነው፤ ቃል የገቡበት እጅ ነዋ። ደረታቸው ላይም ትንሽ የብር ፒን ይሰካል። በቀብሩ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እህቶቻቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ይመጣሉ። «አባል ያልሆናችሁ እባካችሁ ውጡልን» ይባላል፤ በሩ ይዘጋል። ኦዜላም ሬሳዋን አጥባ፣ አልብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ስታበቃ ከሰው ጋር ትወጣለች። በበሩ ስር የሚሰማት መዝሙር ግን እሷም እሑድ እሑድ በጊልያድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው ነው።

ሰኞ ዕለት የሞተችው ታላቅ እህቷ ቨርኒስ ናት።

እናታቸው ስትሞት ከሁለቱ አንዷ መሥራት ነበረባት። ኦዜላ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች፤ ቨርኒስ ኮሌጅ ገባች። ኦዜላ ይህን እያነሣች የምታማርር ሴት አይደለችም። የሆነው ሆነ። ቨርኒስ አስተማሪ ሆና፣ የማኅበሩን ቢጫና ግራጫ ጃኬት ለብሳ፣ ፒኗን ደረቷ ላይ ሰክታ ተመለሰች። ያምርባት ነበር።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ታዲያ፣ በነሐሴ የመነቃቃት ጉባኤ ላይ፣ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። «በወጣትነታችሁ በሌላ መሠዊያ ፊት ተንበርክካችሁ የማላችሁ፣ ያ መሐላ ዛሬም አንገታችሁ ላይ ነው» አለ። ቨርኒስ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ማኅበሩን ክጃለሁ አለች፣ በጉባኤው ፊት፣ እያለቀሰች። በማግስቱ ጃኬቱን፣ የምስክር ወረቀቱንና ፎቶዎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በርሜል ውስጥ አቃጠለች። ፒኗን ግን ለኦዜላ ሰጠቻት።

«አንቺ ወንዝ ጣይልኝ» አለቻት። «እኔ ከጣልኩት የት ጋ እንደወደቀ ዐውቃለሁ።»

ኦዜላ እስከ ድልድዩ ሄዳለች። ፒኑን ከጠቀለለችበት መሐረብ አውጥታ አየችው። ለዚህች ቁራጭ ብር ስንት አንሶላ እንዳጠበች፣ እጇ ስንት ክረምት እንደተሰነጣጠቀ አሰበች። አልጣለችውም። መልሳ በመሐረቡ ጠቀለለችውና ልብስ መስፊያ ክፍሏ ባለው የአዝራር ብልቃጥ ሥር ቀበረችው። ከዚያ ቀን በኋላ አዝራር ስትፈልግ ከላይ ከላይ ነው የምትወስደው።

«ጣልሽው?» አለቻት ቨርኒስ።

«ጣልኩት።»

«ተመስገን።»

ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። ቨርኒስ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦዜላ ዘንድ ትበላለች፤ ከዚያ «ትንሽ ልጸልይ» ብላ ልብስ መስፊያው ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋለች። ኦዜላ ሳህን እያጠበች ትጠብቃታለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ኦዜላ እህቷን አለበሰቻት። በቁርጥማት የተጣመሙትን ጣቶች አንድ በአንድ አቃናች። ግራውን ከላይ አደረገች፣ እንደማንኛዋም ያገባች ምእመን፣ ቀለበቷ እንዲታይ። መድኃኒት የተወጋ ሬሳ እጁ እንደ እንጨት ነው፤ ባስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል።

ሐሙስ ጠዋት ስትመጣ ከላይ ያለው ቀኙ ነበር።

«ፐርቪስ!» ብላ ተጣራች። የቀብር ቤቱ ባለቤት ነው፤ ከነዳይፐሩ ስለምታውቀው አንተ ትለዋለች። «እህቴን ማን ነካብኝ?»

ፐርቪስ የቡና ስኒውን እንደያዘ ብቅ አለ። «እርስዎ ያስቀመጡትን ሰው እኔ ልነካ ሚስ ኦዜላ? አንዴ የሚስ ፒንክኒን ኮፍያ ባቃና በማበጠሪያ መቱኝ እኮ።»

«ቀልዱን ተው።»

«አልነካሁም። ማታ የቆለፍኩትም ጠዋት የከፈትኩትም እኔ ነኝ።» ወደ ሣጥኑ አየት አደረገና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። «ምነው?»

«ምንም።»

እጆቹን መልሳ አስተካከለች። አስቸግሯታል፤ ክንዱ አልታጠፍ አለ። ምሳዋን በልታ ስትመለስ ቀኙ ከላይ ሆኖ ጠበቃት። ኦዜላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትፈራው ሬሳውን አልነበረም፤ ውሸቷን ነው። ቨርኒስ የምትጠይቃት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። «ፒኔን አምጪ» ይሆን? ወይስ «ለምን አልጣልሽውም፣ መሐላው እዚህ ድረስ ተከተለኝ» እያለች ነው? ቅዳሜ ሣጥኑ ይዘጋል። ከተሳሳተች የምታርምበት ቀን የለም።

በዚያው ከሰዓት ማርጌሪት ሆሊስ መጣች፤ በአንድ እጇ ኬክ፣ በሌላው ምርኩዝ ይዛ። ማርጌሪት ከቨርኒስ ጋር በአንድ ሰልፍ ማኅበሩ ውስጥ የገባች ናት። አምስት ነበሩ፤ እሷ ሁለተኛ፣ ቨርኒስ ሦስተኛ።

«እህት ኦዜላ፣ ኬኩ ለሐዘን ነው፤ ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው» አለች።

«ጥያቄሽን ዐውቀዋለሁ። አይሆንም።»

«ገና ሳልቀመጥ?»

«ተቀምጠሽም አይሆንም። በጉባኤ ፊት ክዳችኋለች። ነገ እዚህ ነጭ ለብሳችሁ ብትዘምሩ ሰው ምን ይላል? ቃሏን ያፈረስኩባት እኔ ልሆን ነው?»

ማርጌሪት ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ጠንቋዮች እንመስልሻለን እንዴ?»

«ምን ዐውቄ! ሠላሳ አንድ ዓመት በር ስትዘጉብኝ ኖራችሁ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ በቁልፉ ቀዳዳ አላየሽም?»

«ለመዝሙራችሁ ቀዳዳ አያስፈልግም። መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ያቺ ዝቅተኛውን ድምፅ የምትይዘው ሴትዮ ደግሞ ትስታለች።»

«እሷ እኔ ነኝ» አለች ማርጌሪት። ሁለቱም ሳቁ።

«ስሚኝ» አለች ማርጌሪት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቃል ስንገባ ከግራዬ ተንበርክካ የነበረችው ቨርኒስ ናት። በኢየሱስ ስም ነው የማልነው፤ የሰማሁት በጆሮዬ ነው። ስትለየን ግን አልተቀየምናትም። ልቧ ስስ ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ በረንዳዬ ላይ የዶሮ ሾርባ ተቀምጦ አገኘሁ፤ የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም። ድስቷን አላውቀው መሰላት! ሃያ ስድስት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስሟን ጠርተን ስንጸልይ ኖረናል። ስንሰለፍም ሦስተኛውን ቦታ አልዘጋነውም። ትናንት የገቡት ልጆች ‹ይሄ ክፍት ምንድን ነው?› ይሉናል።»

ኦዜላ ተነሥታ ወደ ኋላው ክፍል ወሰደቻትና አሳየቻት።

ማርጌሪት እጆቹን አየች። «እንዲህ ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ማርጌሪት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ስትጸልይ ነው። «እኔ ከእንግዲህ አልለምንሽም» አለች። «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት የወሰንሽውን ንገሪኝ። እምቢ ብትዪም ኬኩን ብይው።»

ኦዜላ ከመውጣቷ በፊት ግራውን እጅ ከላይ አደረገች፤ መርፌና ነጭ ክር አውጥታ ሁለቱን እጅጌዎች አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ሰባት ጥልፍ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ቋጠሮ።

አርብ ጠዋት ሰባቱም ጥልፍ እንዳለ ነበር። ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ቀኝ እጅ ግን ከላይ ነበር።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለቻት ኦዜላ ጮክ ብላ። «ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ደክሞኛል። እንደ ድሮሽ አፍሽን ከፍተሽ እዘዥኝ።»

ኦዜላ ሽርጧን እንዳሸረጠች ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ሐሳቧ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ፒኑን አውጥታ በቀጥታ ወደ ድልድዩ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢዘገይም ቃል ቃል ነው።

ብልቃጡን አነሣች። ክዳኑ እንደ ሁልጊዜው ልል ነበር። ሁሌም አጥብቃ የዘጋችው ይመስላታል፤ ሁሌም ላልቶ ስታገኘው እርጅናዋን ትወቅሳለች። አዝራሮቹን አልጋው ላይ ዘረገፈቻቸው። መሐረቡ ወጣ። ስትፈታው ፒኑ ፊቷ ላይ አበራ።

ኦዜላ ብርን ታውቃለች። የእናቷ የብር ማንኪያዎች ሳይወለወሉ አንድ ወር ከከረሙ እንደ ጥላሸት ይጠቁራሉ። ይህ ፒን ግን ዛሬ የተገዛ ይመስላል። ፊደሎቹ ከመወልወል ብዛት ሟሽሸው ጫፋቸው ጠፍቷል። ከአዝራሮቹ መካከል አንድ ነገር አየች፤ የታጠፈ የፍላኔል ጨርቅ ቁራጭ፣ ግራጫ፣ ባለ ትናንሽ ሰማያዊ አበባ። ከቨርኒስ አሮጌ የሌሊት ልብስ የተቀደደ ነው። መሀሉ የብር ዝገት ጠርጎ ጠርጎ ጠቁሯል።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። በየእሑዱ፣ ከምሳ በኋላ፣ በሩ ተዘግቶ። እሷ ሳህን ስታጥብ።

«አንቺ ሌባ» አለች ቀስ ብላ። «ዐውቀሽ ነው ለካ ‹ተመስገን› ያልሽው።»

ድልድዩ ቀረ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለማርጌሪት ደወለች።

«ኑ» አለቻት። «ፒኗም እኔ ጋ አለ። ግን በሩ ሲዘጋ እኔ ውስጥ ነኝ።»

«እህት ኦዜላ፣ ሕጉ እኮ...»

«ሕጉን ዐውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ውጪ ቆሜ ጠብቄዋለሁ።»

«ወንበር እናስቀምጥልሻለን» አለች ማርጌሪት።

«ወንበር አልጠየቅኩም።»

በአሥር ሰዓት መጡ። ልጅ አዋቂው ነጭ ለብሷል፣ ነጭ ጓንት አጥልቋል። ፐርቪስ በሩን ዘጋና ወጣ። ማርጌሪት ፒኑን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ቨርኒስ ደረት ላይ ልትሰካው ነው። ኦዜላ ግን ከሽርጧ ኪስ አላወጣችውም።

«ደረቷ ላይ አላደረገችውም» አለች። «አልጣለችውምም። እኔ እሷ ያላደረገችውን አላደርግባትም። በኪሴ ይሁን።»

ማርጌሪት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከቨርኒስ ጋር የገቡት አራቱ አሮጊቶች በየቁጥራቸው ቆሙ። በሁለተኛዋና በአራተኛዋ መካከል አንድ ቦታ ባዶ ቀረ፤ ማርጌሪትም ከወዲያ ያለችውም ማንም የማይዘውን ክንዳቸውን እንደ እጀታ አጥፈው ያዙ። መዝሙረ ዳዊት አነበቡ። ጸለዩ። ኦዜላ ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋባት ነገር ይኸው ነው፤ ረቡዕ ማታ ከሚደረገው የጸሎት ጉባኤ ብዙም አይለይም። ያሳዘናት ይህ ነበር።

ከዚያ ቁጥር ተጠራ።

«አንድ።» «አለሁ።»

«ሁለት።» «አለሁ» አለች ማርጌሪት።

«ሦስት።»

ዝም።

«ሦስት።»

ዝም። ሦስተኛ ጊዜም ተጠራ፤ ማንም አልመለሰም። ግን ኦዜላ ዕድሜዋን ሁሉ ጨርቅ ስታይ የኖረች ሴት ናት። የማርጌሪት ነጭ እጅጌ ከክርኗ በላይ ሲጨማደድ አየችው። አራት ስርጉድ በአንድ ወገን፣ አንድ በሌላ ወገን፤ ሰው ክንድሽን ሲይዝሽ ጨርቁ እንደሚገባው ገባ። የጣቶቹ ምልክት ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጣመመ ነበር። ማርጌሪት ዓይኗን ጨፍና ነበር። ፊቷ ላይ እንባ ወረደ እንጂ ክንዷን አላንቀሳቀሰችም።

«አራት» ተባለ፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ተዘረጋ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ ኦዜላ ለመጨረሻ ጊዜ አየቻት። ሰባቱ ጥልፍ እንዳለ ነው። ግራ እጅ ከላይ ሆኗል፤ ቀለበቱ ይታያል። ምንም አልነካችም።

«ዝጋው ፐርቪስ» አለች።

ፒኑንና ፍላኔሏን ወደ ብልቃጡ መልሳ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ከቀብሩ በኋላ ሰው የሚያመጣው ምግብ አለቀ፣ አበባው ደረቀ፣ ጎን ያለው ቤት መጋረጃው ወረደ። ኦዜላ እሑድ እሑድ ብቻዋን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች። በአምስተኛው እሑድ የእናቷን ማንኪያዎች ከመሳቢያ ስታወጣ ጠቁረው አገኘቻቸው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ልብስ መስፊያው ክፍል ገባች።

የብልቃጡ ክዳን ልል ነበር። ፒኑ እንዳበራ ነው። ፍላኔሏ ግን ከዳር እስከ ዳር ጠቁራ፣ መሀሏ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል።

ኦዜላ ብዙ አላሰበችም። ከመደርደሪያው አዲስ ፍላኔል አውርዳ እጇን የሚያህል ቆረጠች፣ ጠርዙን እንዳይተረተር ቀምቅማ ከአዝራሮቹ በላይ አስቀመጠችላት። ክዳኑንም መልሳ ገጠመችው። የቨርኒስ ጣቶች ቁርጥማት ስላለባቸው ግን አላጠበቀችውም።