አክስቴን የሰጠሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አሮጌ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ አንድ የወንድ ካፖርት ከማንጠልጠያው ሳወርድ የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እዚያው ካፖርቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ መጥታ ምን ልርዳሽ ስትለኝ ምን ልበላት? ሦስት ሽማግሌዎች መጡብኝ አልላት ነገር። አንቺ ግን ትሰሚኛለሽ።

ያኔ ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ነበር የምንኖረው፣ ኤሌቬተሩ ሁልጊዜ የሰው ሁሉ አገር ወጥ በሚሸትበት ፎቅ። አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እናቴ ስትሞት ከአዲስ አበባ ያስመጣችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት። አባቴማ ካልጋሪ ሌላ ሚስት አግብቶ "ትንሽ ልቋቋምና እወስድሻለሁ" እያለ ስንት ዊንተር አለፈ። እና ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አክስቴና አብራት የምትኖረው ነርስ ማለቴ ነው።

ነርሷ የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ነፍሷን ይማረውና፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነበር የምትሠራው። አክስቴ ዝምተኛ ናት፤ የፕላስቲክ ከረጢት እንኳ አጣጥፋ ነው የምታስቀምጠው። ነርሷ ደግሞ ከሺፍት ስትመለስ አንዱን ጫማ በር ላይ፣ አንዱን ሳሎን ትጥለዋለች። አክስቴ ስትቆጣት "አቦ ተዪኝ፣ ሰው ሳገላብጥ ነው የዋልኩት" ትላለች። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እግሯን አክስቴ ጭን ላይ ትዘረጋለች፤ አክስቴም ዜና እያየች በቅባት ታሽላታለች። ቅባቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ነበረው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ቤት ሲባል እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ ይኼው ነው።

ሁለቱ አንድ መኝታ ቤት ይጋሩ ነበር፤ በቶሮንቶ ኪራይ ይህን ማንም አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴትዮ "እህትማማች ናችሁ?" ብላ ጠየቀች። ነርሷ ቶሎ ብላ "አዎ፣ እኔ ታላቋ ነኝ" አለች። ከዚያ ወዲያ ለሐበሻው ሁሉ ታላቅ እህት ሆና ቀረች። አንቺስ ታውቂ ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። ልጅ ምን ይደበቀዋል። ማንም ስላልነገረኝ እኔም ዝም አልኩ፣ በቃ።

አገሩ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ እንዲጋባ ከፈቀደ ያኔ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ጋብቻ የሚፈረምበት ሲቲ ሆል ከእኛ ቤት በሰብዌይ ቅርብ ነው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ የፕራይድ ሰልፍ በእግር ከምንደርስበት መንገድ ያልፋል፤ ከበሮው በመስኮት ይገባል። አንድ ዓመት ነርሷ "ነይ ትንሽ እንናፈስ" ብላ ይዛኝ ወጣች። በዚያ ሙቀት ኮፍያና ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ አንድ ባንክ ጥላ ሥር ተለጠፈች። ሰልፉ መንገድ የዘጋበት ታክሲ ባየች ቁጥር ጀርባዋን ትሰጣለች። ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ሾፌር የማይደርስበት ጥግ የት አለ!

ጭፈራው ካለፈ በኋላ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጡ፤ አንዳንዱ በዊልቸር፣ አንዳንዱ የሞተ ወዳጁን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ። ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። "እነዚህን እያቸው" አለችኝ። "ፖሊስ እየደበደበ ሲያስራቸው፣ ከሥራ ሲባረሩ፣ በበሽታ ሲያልቁ ኖረው ነው እንዲህ ያረጁት። ሕጉን ያስወጡልን እነሱ ናቸው።" "ልን" ስትል ሰማኋት፤ መስማቴንም አየች። ወደ ቤት ስንመለስ አይስክሬም ገዛችልኝና ስለ ሌላ ነገር አወራን።

በቀጣዩ ዓመት ዊንተሩ ሳይወጣ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለ አንድ እሑድ በራችን ተንኳኳ። አክስቴ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። ነርሷ ስትከፍት ሦስት ወንዶች ካፖርት ለብሰው ቆመዋል፤ ያ የብል መድኃኒት ሽታ ቀድሟቸው ገባ። ነርሷ ክው አለች። ሐበሻ ሳይደውል ተሰብስቦ ከመጣ መርዶ ነዋ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች።

"አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ አዛውንቱ፤ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። "ለክፉ አይደለም፣ አትደንግጪ። ለቁም ነገር ነው የመጣነው፤ ነገራችንን ሳትሰሚን ግን አንቀመጥም።"

ከጎናቸው የቆመው ባለታክሲ ቀጠለ። ሽምግልና የላካቸው ልጅ ኤርፖርት አካባቢ የሚሠራ፣ ኢቶቢኮ ቤት የገዛ፣ የማይጠጣ፣ የማያጨስ ጨዋ ነው። አክስቴን ቅዳሴ ላይ እያየ ስንት ጊዜ ሲመኝ ኖሯል። አዛውንቱ ጎንበስ አሉና "እናትም አባትም እዚህ የሏትም፤ የቀረበላት ሰው አንቺ ነሽ። እህትሽን ለልጃችን እንድትሰጪን ለምነን መጥተናል" አሏት።

እኔ ሶፋው ላይ መጽሐፌን ፊቴ ላይ ከደንኩት። ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አላውቅም። ሴትዮዋን ከገዛ ባለቤቷ እየለመኑ እኮ ነው!

ነርሷ ወጉን ታውቃለች። በመጀመሪያ ቀን እሺም እምቢም አይባልም። "እንግዲህ... ተመካክረን መልስ እንሰጣለን" አለች። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ "ልጅቷ አሁን አልደረሰችም" ይባላል፣ ሁሉም በሰላም ያልቃል። አዛውንቱ ግን ደስ አላቸውና እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ "ድረሽ ኩለሽ ለማየት ያብቃሽ።"

ያንን ምርቃት አልቻለችውም። አንገቷን ደፍታ "አባባ፣ እኔ አልድራትም" አለች። ለምን ሲሏት ዓይኗ ወደ ባኞ ቤቱ በር ሄደ።

ያኔ አክስቴ ፎጣ እንደጠመጠመች ከባኞ ቤት ወጣች። ውሃው ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል። በሕይወቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፣ ያን ዕለትም አላደረገችም። "አባባ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ትዳር አለኝ። ከእሷ ጋር ነው" አለችና ነርሷን በአገጯ አሳየቻቸው።

ባለታክሲው ወዲያው ወደ በሩ ዞረ፤ ሦስተኛው ሰውዬ አማተበ። አዛውንቱ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "ልጆቼ፣ እኛ ዛሬ እዚህ አልመጣንም። ምንም አልሰማንም" ብለው ወጡ። እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰብዌይ ውስጥ ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሁለቱም ደህና ናቸው?" ያሉኝ የመጀመሪያው ሐበሻ እሳቸው ናቸው። ባለታክሲው ግን ሳምንት አልሞላውም፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከሬክስዴል እስከ ስካርቦሮ ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም።

ማንም መጥቶ አልሰደበንም። ስልኩ ብቻ ዝም አለ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከምንለማመድ ልጆች የቡድን መልእክት ውስጥ ስሜ ጠፋ። ፋሲካ ሲደርስ በየዓመቱ ከገበሬ በሬ ገዝተን የምንካፈልበት ቅርጫ የእኛን መደብ ሳይጨምር ተከፋፈለ። ነርሷ ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ሥጋ ገዝታ መጣችና "ይቺ በሬ የእኛን ወሬ ሳትሰማ ነው የሞተችው" ብላ ልታስቀን ሞከረች። አክስቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እኔ በልቼ ጨረስኩ፤ አልጣፈጠኝም፣ ግን ሁለቱ እያዩኝ ነበር።

ከዚያ ወሬው ካልጋሪ ደርሶ አባቴ ደወለ። ስንት ዓመት ያልተመቸው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ተመቸው። ትኬት ቆርጧል፣ ትምህርት ሲዘጋ እንድሄድ። አክስቴ ላይ ሲጮህ ከስልኩ ውጭ ይሰማኛል። "አባቷ ነህ፣ ምን እላለሁ" አለችው አክስቴ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥታ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች፤ አንድ ሹራብ አራት ጊዜ ስታጥፍና ስትፈታ በበሩ ቀዳዳ አየኋት። ሂጂ አላለችኝም፣ ቅሪም አላለችኝም። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ማንም የእኔን ሐሳብ የጠየቀኝ የለማ!

ልሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳሎኑን ሞልቶት፣ ነርሷ ከሥራ ገባች። ጫማዋን አልጣለችም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ፊቴ ቆመች።

"ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እንጂ" አልኳት።

"አልቀመጥም። ለቁም ነገር ነው የመጣሁት።" የምትቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል እሷ አልሳቀችም። "ሽማግሌ የሚሆነኝ ሰው አጣሁ። የነበሩኝን ታውቂያቸዋለሽ፣ ፊታቸውን አዙረውብናል። ራሴን ላክሁ።"

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

"እዚህ አጠገቧ ያላት ሥጋ አንቺ ነሽ። ሕጉ ፈቅዶልኛል፣ ነገ ሲቲ ሆል ሄጄ ብፈርም ማንም አይከለክለኝም። ግን ከዘመድ ሳልለምን ሰው ቤት ገብቼ ልጅ መውሰድ አላደግሁበትም። አክስትሽን ስጪኝ። አልሰጥም ካልሽ ደግሞ የምወጣው እኔ ነኝ። አንቺ ከቤትሽ አትወጪም። እሷ ያላንቺ አትሆንም፣ አውቃታለሁ።"

ያቺ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ ሴት ቆማ የእኔን አፍ ትጠብቃለች። እኔን! ፈተና የወደቅኩበትን ወረቀት የምትፈርምልኝ ሴትዮ! ልቤ እንዴት እንደደነገጠ፣ እንዴት ደግሞ ደስ እንዳለው ልነግርሽ አልችልም። ስልኩን አነሳሁና እሷ እንደቆመች አባቴ ጋ ደወልኩ።

"አባዬ፣ አልመጣም" አልኩት። "እዚህ ጉዳይ አለኝ፣ አክስቴን ልድር ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው "እንግዲያው እዚያው ቅሪ። እኔም ልጅ የለኝም" ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ለመስማት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያን ጊዜ ግን አላለቀስኩም። ስልኩን አስቀመጥኩና ነርሷን "ተቀመጪ" አልኳት። ቦርሳዋን ሳትለቅ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ሁለታችንም በሩን እያየን ጠበቅን።

አክስቴ ስትገባ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ተመለከተች። "ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሰጥቼሻለሁ" አልኳት። "ለምናኝ ሰጥቻታለሁ። ካልጋሪም አልሄድም።"

አክስቴ ከረጢቶቿን መሬት ላይ ለቀቀቻቸው። ከዚያ፣ ሙሽራ ከቤተሰቧ ቤት ስትወጣ እንደምታደርገው፣ መጥታ ዝቅ አለችና ጉልበቴን ሳመች። ያሳደገችኝ ሴት እኮ ናት፣ ጂንሴ ላይ እንባዋ ይሞቀኛል። ላነሳት እታገላለሁ፣ አትነሳልኝም፤ ለካ ምርቃት እየጠበቀች ነው። ምርቃት ደግሞ ከየት ላምጣ? ትልልቅ ሰዎች እኔን ሲመርቁኝ ከሰማሁት በቀር የማውቀው አልነበረም። እጄን ፀጉሯ ላይ አደረግሁና "እደጊ፣ ተመንደጊ" አልኳት።