የገመድ ያዡ ፍርሃት

ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ «ድንጉጡ» ነበር የሚለው። በር ሲንኳኳ ይዘላል፣ ከጥላው ይሸሻል እያሉ ይስቁበታል። እንጀራው ደግሞ፣ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል፣ የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ መዋል ሆነ። የእህቱ ባል የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ድንጉጡ ከላይ ቆሞ አፈሩን በባልዲ ይስባል፣ ሥራ ሲያበቃ ሰውየውን ራሱን ይስባል። ገመዱ በቅርቡ የተቀየረ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል።

ቆፋሪው ሱፊም ገጣሚም ነበር። ዶማውን እያሳረፈ፣ ከምድር ሆድ ውስጥ አላህን በዜማ ይጣራል፦

በወረድኩ ቁጥር ጨለማው ሲጠና፣
አንተን ነው የምጠራው፣ ሌላ ማን አለና።

ግጥሙ ከአፍ አፍ ዞሮ ሰውየውን መጀመሪያ «ሼህ»፣ ቀጥሎ «ወልይ»፣ የአላህ ወዳጅ፣ አሰኘው። ማታ ቤቱ በሰው ይሞላል። «የተጠማን ሰው ማንነቱን አትጠይቁት፣ መጀመሪያ አጠጡት» ይላቸዋል። እነሱም ፍርሃት የማያውቅ ሰው አገኘን ብለው ይወጣሉ። ድንጉጡ ጥግ ይዞ እየሰማ በራሱ ያፍራል።

አንድ ቀን በጡብ ሠሪዎች ግቢ ሲቆፍሩ፣ ዝናብ ያራሰው አፈር ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ሲሰነጠቅ ድንጉጡ አየ። ወደ ታች ጮኸ።

«ጋሼ፣ ውጣ። መሬቱ አላማረኝም።»

«ደግሞ ጀመረህ?» አለ ከታች እየሳቀ። «ይቺን ባልዲ ልሙላና።»

ባልዲው አልሞላም። አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፣ አፈሩ ተናደ፣ ዜማው ቀጥ አለ። ጡብ ሠሪዎቹ ሮጠው መጡና አፋፉ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከታች ማቃሰት ሲሰማ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የሚወርድ የለም።

ድንጉጡ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ ለጡብ ሠሪዎቹ አስያዘ። ደፍሮ አልነበረም፤ የእህቱን ፊት በምን ዓይኑ እንደሚያይ ሲያስበው ግን ያ ፍርሃት ባሰበት። «አደራችሁን፣ ቀስ አድርጋችሁ» ብሎ ወረደ። ግድግዳው በነካው ቁጥር ይፈረፈራል፤ አፈሩ አንገቱ ሥር ይገባል። ከላይ ያለው ብርሃን ሳህን አከለ።

ሼሁ እስከ ደረቱ ተቀብሯል። እጁን ሲይዘው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

«አትልቀቀኝ» አለው። «በአላህ፣ አትልቀቀኝ።»

«ጋሼ… አንተም ትፈራለህ?»

«ካንተ እብሳለሁ። ያለዚያ ለምን የማዜም ይመስልሃል? ዝም ካልኩ ግድግዳው ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።»

ዶማ እንዳይጎዳው ድንጉጡ በእጁ ጫረ። አንድ እፍኝ ሲያወጣ ሁለት እፍኝ ይወርድበታል። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ የአላህን ስም ጠሩ። ጥፍሮቹ ተነቃቅለው ደሙ ከጭቃው ጋር ሲቀላቀል እንኳ አላወቀም። ሼሁን በገመዱ አስሮ ወደ ላይ ከላከ በኋላ ገመዱ ተመልሶ እስኪወርድለት ብቻውን የቆየባትን ጊዜ ግን ዕድሜውን ሁሉ በሕልሙ ያያታል።

ሼሁ አንድ እግሩ ሳይድን ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ አልወረደም። ማታ የመጡ ሰዎች «ሞትን የናቁ ጀግና» ሲሉት አቋረጣቸው። «ፈሪ ነኝ። ወደ አላህም የምሄደው ፍርሃቴን ተሸክሜ ነው፤ ሌላ የምወስድለት የለኝም።» ጥቂቶቹ ቅር ብሏቸው ሌላ ሼህ ፍለጋ ሄዱ። የቀሩት ምንጣፉ ላይ ጠጋ ጠጋ አሉ።

ሼሁ ካረፈ በኋላ ቁፋሮው ለድንጉጡ ተረፈ። ያን ቀን ያየውን ሲናገር «ወልዩ ፈርቷል ማለት ነውር ነው» የሚሉት እስከ ዛሬ አሉ። እሱ አይከራከርም። ከመውረዱ በፊት ጉልበቱ እስኪጸና ትንሽ ቁጭ ይላል፤ የማይጸና ከሆነም እንደዚያው እየተብረከረከ ይወርዳል።