እስከ ጠፈጠፉ

ባለፈው በልግ የልጄ ባል ወልቂጤ ያሠራውን ቤት ለማየት ብሄድ መሰላል ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከጣሪያው ስንት በርሜል ውሃ እንደሚያገኝ ለማወቅ ቆርቆሮውን ከአናቱ እስከ ጫፉ በሜትር ይለካል። አባቴ ዳግም የተወለደ መሰለኝና ሳቄን ማፈን አቃተኝ።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። በጣሊያን ጊዜ የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ወታደሮቹ ወንዝ መውረጃው ላይ ሰፈሩና ውሃ የምትቀዳ ሁሉ በፊታቸው ማለፍ ግድ ሆነባት። ወላጆቼ ፈርተው ሩቅ አገር፣ አገና ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሊልኩኝ አሰቡ። አክስቴ ደግ ናት፣ ቆጮዋም እጅ ያስቆረጥማል፤ እኔ ግን ከእናቴ መለየት ሞት መሰለኝ።

ቤታችን በሰፈሩ ብቸኛው ባለቆርቆሮ ነበር፤ የአባቴ ኩራት። አንድ ጥሩ ዝናብ አራት በርሜል ከሞላልን ለሳምንት ይበቃናል፤ እኔም ወንዝም አገናም አልሄድም። አባቴ ቀና ብሎ አየና ስድስት ይሞላል አለ። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ብዙ ዝናብ ይቀበላል ባይ ነው። ወዲያው ስድስት የጣሊያን ቤንዚን በርሜል ገዝቶ መጣ።

እናቴ አልተዋጠላትም። "ዝናብ የሚወርደው ከላይ ነው" አለችው። "ጣሪያዎ ቢቆምም ቢተኛም የሚቀበለው የወለሉን ያህል ነው። ለግምት ልጄን አልሰጥም።"

ማታ ገበቴ ደጅ አስቀምጣ ዝናብ አጠራቀመች። ጠዋት ውሃውን በጣሳ ሰፍራ አንድ በርሜል ስንት ገበቴ እንደሚፈልግ አወቀች፤ ገበቴ የሚያክል ቦታ ሁሉ ያንኑ ያህል ዝናብ ይቀበላል ብላ። ከዚያ ምንጣፉን ጅባ ጠቅልላ ባዶውን ገበቴ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን እያስቀመጠች በጉልበቷ ቤቱን አዳረሰችው። እኔ በጠጠር እቆጥራለሁ። አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን መደቡ ላይ የተከመረውን ዕቃ እያነሳ አገዛት።

ግድግዳው ጋ ስትደርስ ሦስት በርሜል ብቻ ሆነ። የአገና መንገድ ጭቃ ታየኝና እንባዬ መጣ።

እናቴ ድንገት ገበቴዋን አንስታ ወጣች። ከግድግዳው ውጭ፣ ጠፈጠፉ ሥር፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"ቆርቆሮው እስከዚህ ይደርስ የለ? ቁጠሪ" አለችኝ።

ቤቱን በውጭ ስንዞረው አራተኛው በርሜል ሞላ፤ ጠጠርም ተረፈኝ። በቀጣዩ ዝናብ አባቴ ቀርከሃ ሰንጥቆ አሸንዳ ሠራ፤ በርሜሎቹም እናቴ እንዳለችው አራቱ ሞሉ። ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ እኔ ግን እንዲያ የጣፈጠኝ ውሃ የለም። ባዶ የቀሩትን ሁለቱን አባቴ "ለክፉ ቀን ናቸው" እያለ ያልፋቸው ነበር።

የልጄን ባል ከመሰላሉ አስወርጄ ወለሉን ለካ አልኩት። እሺ እማማ ብሎ ክፍሎቹን ለካና ሜትሩን ሲጠቀልል እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት።

"ገና ነው" አልኩት ጠፈጠፉን እያሳየሁ። "እኔን ከእናቴ ጋር ያስቀረችኝ ይህች ጠርዝ ናት።"