ከአጋሮ ወዲያ፣ ሰው የማይገባባቸው ሽንት ቤቶች

ኅዳር ገብቶ ቡናው በየጓሮው ሲለቀም ከጅማ ተነሣሁ። ያስነሣችኝ የልጄ ልጅ አስቴር ናት። ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ አሁን ዘመዶቼ ሆነዋል። በሾፌር አፍ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በየቤቱ ያስቆፈርናቸው ሽንት ቤቶች ሥራ ላይ ካልዋሉ ጤና ጣቢያው ይዘጋል ተብያለሁ። ቤቶቹ ቆመዋል፤ የሕፃናቱ ተቅማጥ ግን አልቆመም። ሴቶቹ ምሥጢሩን ለእኔ አይነግሩኝም። እማማ ትድረስልኝ።»

እኔ ደግሞ ነይ ላለኝ ሁሉ የምሄድ ነኝ። ልጆቼ «የእማማ እግር ሥር አልሰደደም» ይሉኛል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደሉን ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው የለቀምኩት። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ።

እስከ የቡ

ከጅማ ገበያ ከሄርማታ መርካቶ ስደርስ አውቶቡሱ ሞልቶ ሄዷል። ቡና ሊጭን ባዶውን የሚሄድ አሮጌ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ አንድ ብር ክፈይ አለኝ።

«ልጄ፣ እኔን ከጆንያ ለይተህ ነው?» አልኩት።

«ጆንያ አይከራከርም፣ እማማ» አለና በስሙኒ አስገባኝ።

መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ግራና ቀኙ ግን ያስረሳል፤ ከዋንዛው ጥላ ሥር ቡናው ቀልቶ፣ ለቃሚዎቹ ቅርጫት በወገባቸው አስረው እየተቀላለዱ። የቡ ከምትባለው ከተማ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። እኔም ርቦኝ ነበርና ሙዝ በላሁ፤ በላዩ አንድ ቅል እርጎ ጠጣሁበት። ሙዝና እርጎ፣ ከዚያ የመኪናው መንገጫገጭ። የቀረውን አንባቢ ይገምተው። አጋሮን እንዴት እንዳለፍናት አላስታውስም።

መንደሯ

ከመኪናው ስወርድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በመንገዱ ዳር፣ በየቤቱ ፊት ለፊት፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሽንት ቤት እንደ ክብር ዘበኛ ተሰልፏል። መኖሪያ ቤቶቹ ከኋላ የሣር ክዳን ናቸው። «እሰይ አስቴር! እንዲህ ያለው ሥልጣኔ ጅማም የለ» ብዬ ወደ መጀመሪያው ተጣደፍኩ። በደጁ ባለቤቱ አባ መጫ ቡና ያገላብጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም። ሽንት ቤትዎን ያስገቡኝ፣ ቸኩያለሁ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ገዶኝ፣ እማማ! ግን ቡና አለበት።»

«ቡና?»

«ያልተፈለፈለ ጀንፈል ነው። እስከ ጣሪያው። ምን ላድርግ፣ ከግቢያችን ቆርቆሮ ያገኘው እሱ ብቻ ነው። እኛ የምናድርበት ያፈሳል።»

«ቡናው ከእናንተ ተሽሎ ይኖራላ!»

«አልሐምዱሊላህ። የሚያበላን እሱ አይደል?»

ሁለተኛው ቤት ሄድኩ። ዶሮ ታቅፋበታለች፤ አትረብሿት ተባልኩ። ሦስተኛው ተጠርጎ፣ ሣር ተጎዝጉዞበት፣ ተቆልፏል። ባለቤቲቱ በኩራት «ለተቆጣጣሪው የተጠበቀ ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ ሰው አልገባበትም» አለችኝ። ልቅሶ ሊመጣብኝ ምንም አልቀረኝ። የአባ መጫ ባለቤት አዴ ዘሃራ ከኋላዬ ደርሳ እጄን ያዘች። ወደ ጓሮ፣ ወደ ኮባው ውስጥ ወሰደችኝ። ነፍሴ መለስ አለች።

ስንመለስ «ምነው እህቴ፣ ያን የመሰለ ቤት ቆሞ ኮባ ሥር?» ብላት ሳቀች።

«መንገድ ዳር ሥሩት ያሉን የመንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ከመኪና ላይ ሆኖ ለመቁጠር እንዲመች። ግድግዳው ሸምበቆ ነው፣ ያሳያል። አማቼ በበቅሎ ሲያልፍ እኔ እዚያ ልቀመጥ? ደግሞ ሰላም ይሉሻል።»

«ከውስጥ እያለሽ?»

«ታዲያስ! ሰው መኖሩን እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ማን አለ? ነውር አይደል?»

ማታ ለአስቴር ስነግራት ራሷን በእጇ ያዘች። «ብናገር፣ የአለቆቿን ትእዛዝ ትነቅፋለች እባላለሁ። ዝም ብል፣ ተቆጣጣሪው ተሠርቶ አልተሠራበትም ብሎ ጤና ጣቢያውን ይዘጋዋል። ከዚያ ምጥ የያዛት ሁሉ በቃሬዛ አጋሮ ልትሄድ ነው።» እራቷን ሳትቀምስ ተኛች።

የገበያው ቀን

ተቆጣጣሪው አቶ ግዛቸው በላንድሮቨር መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ አንገቱን በክራባት ያነቀ፣ ፊቱ ደግ ሰው ነው። ጥፋቱ ከመኪና አለመውረዱ። በመስኮት ጣቱን አውጥቶ ቆርቆሮዎቹን እየጠቆመ ቆጠረ። «ግሩም ነው» አለ። 

ሽማግሌዎቹ ምሳ አቀረቡለት፤ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ፣ ማር ከነሰፈፉ፣ እርጎ በትልቅ ቅል። እርጎው ሲቀዳ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ግዛቸው ላብ አጠመቀው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ግራ ቀኝ አየ። እኔና አዴ ዘሃራ ወደ ኮባው ልንጠቁመው ስንል አባ መጫ ቀደሙን። እንግዳ እንዴት ኮባ ሥር ይሄዳል? ቁልፉን አስመጥተው በክብር ወደዚያ ወደ ተጠበቀው፣ ወደ መንገድ ዳሩ ወሰዱት።

ገበያተኛው በሙሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ባርኔጣው በሸምበቆው መካከል ይታያል።

«አሰላሙ አለይኩም!» አለ አንድ አህያ ነጂ ቆሞ። ባርኔጣው ዝቅ አለ። «ጌታዬ፣ ደህና ዋሉ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ከብቱስ?»

«ደ… ደህና።»

«አዲስ አበባ የቡና ዋጋ ስንት ገባ?»

«አላውቅም፣ ወንድሜ። እባክህ እለፍ።»

«ይጨምራል ይላሉ። መንግሥትስ ምን አሰበ?»

ሌላው ቆመ፣ ሌላም ተጨመረ። ስለ ግብር የሚጠይቅ አለ፣ ስለ ድልድዩ አቤት የሚል አለ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ከበቅሏቸው ወርደው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ከሩቅ አገር ለእኛ ደክመው መጥተዋል። አላህ የጀመሩትን በሰላም ያስፈጽምዎ!»

«አሚን!» አለ ገበያተኛው።

«አሚን» አለ ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ።

አቶ ግዛቸው ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ይህን ነገር እዚህ መንገድ ላይ ያስገተረው ማነው?» አለ። ሁሉም አስቴርን አየ፤ አስቴር መሬት አየች። እኔ ምን አለብኝ፣ የሚያዛውረኝ የለ።

«ጌታዬ፣ ከመኪና እንዲቆጠር ታዝዞ ነው አሉ» አልኩት።

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ።

ተነሥቶ በእግሩ ሄዶ የአባ መጫን በር ከፈተ። ጀንፈሉ ጫማው ላይ ተዘረገፈ። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ወደ አዴ ዘሃራ ዞረና «እናቴ፣ ከጓሮ ቢሆን ይገቡበታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆርቆሮው ካለማ እተኛበታለሁ!» አለችው።

«እንግዲያው ወደ ጓሮ ይዙር» አለ። «ቡናችሁ እስኪሸጥ ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ። ተመልሼ በእግሬ ዞሬ አያለሁ። ያኔም ሰው ካልገባበት ጤና ጣቢያውን ላተርፍላችሁ አልችልም።»

መመለሻ

ወደ ጅማ በተነሣሁበት ጠዋት መንገዱን አንድ ሽንት ቤት እየተራመደ ያቋርጣል። ከበታቹ ብዙ እግር አለው። የመንደሩ ወንዶች ደቦ ወጥተው ጓሮ ወደተቆፈረው አዲስ ጉድጓድ ከነቆርቆሮው ተሸክመውት ነው። አላፊ አግዳሚው «አከም ቡልተኒ?» እያለ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ተሸካሚዎቹ «ነጋ! ነጋ!» ደህና ነን እያሉ እየተንገዳገዱ ይመልሳሉ። አባ መጫ ቡናቸውን ወደ ቤታቸው ቆጥ አውጥተው፣ በሚያፈሰው በኩል እሳቸው ሊተኙ ተስማምተዋል።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ጎረቤቶቼ ምን ተማርሽ አሉኝ። ለሰው ቤት የሠራ፣ ቆጥሮ ከመሄዱ በፊት ራሱ ገብቶ ይቀመጥበት አልኳቸው። ስቀው ተነሡ።

ትናንት ያው የጭነት መኪናው ሾፌር የአስቴርን ወሬ አመጣልኝ። አቶ ግዛቸው ተመልሶ መጥቶ፣ ላንድሮቨሩን አቁሞ በየጓሮው ዞሯል፤ አስቴር ከኋላ ከኋላው። አዴ ዘሃራ ጓሮ ሲደርሱ በሩ ዝግ ነው። ውስጡ ቡና ያለ መስሎት ገፋ አደረገው።

«ሰው አለ!» አለች አዴ ዘሃራ ከውስጥ።

አቶ ግዛቸው ሰላምታውን ዋጥ አድርጎ በእግሩ ጥፍር እየተራመደ ተመለሰና፣ ጤና ጣቢያው አይዘጋም ብሎ እዚያው ኮባው ሥር ቆሞ ፈረመ።